«ስጦታ ነው በይ» የምትልሽን አትስሚ

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 50 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በሳምንት ሦስትና አራት ቀን እየገባሁ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ በ43 ዓመቴ ወገቤ ተጎዳ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ አልዳንኩም። ላለፉት አምስት ዓመታት ዲሴቢሊቲ (የአካል ጉዳት ክፍያ) እየተከፈለኝ እኖራለሁ። በወሩ የመጀመሪያ ቀን 374 ዶላር፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ 640 ዶላር ባንክ ይገባልኛል። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚገባ ጠይቄ አላውቅም፤ ብጠይቅ አንዱን የሚወስዱብኝ ይመስለኛል።

እናቴ በልጅነቴ ስፌት አስተምራኝ ነበር። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ ወስፌዬን ይዤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ለራሴ ጀበና ማቶት ሰፋሁ፤ ጎረቤቴ አይታ ወሰደችው። ከዚያ ሰው ማዘዝ ጀመረ። ማቶት በ25፣ ትንሽ መሶብ በ150 ዶላር እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት የሸጥኩት ሲደመር 2,600 ዶላር ሆነ፤ ለራፊያ፣ ለክርና ለቆዳ 860 ዶላር አውጥቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አንዷ ጓደኛዬ «ካሽ ነው፣ ማን ያይሻል?» ትለኛለች። ሌላዋ «ከጠየቁሽ ስጦታ ነው በይ» ትላለች። አከራዬ ደግሞ «አንድ ዶላር ከሠራሽ ሁሉንም ይቆርጡብሻል» አለችኝ። ፍራሼ ሥር 1,400 ዶላር አለኝ፤ በቅርቡም የ3,000 ዶላር ዕቁብ ይደርሰኛል። አሁን ለሠርግ ትልቅ መሶብ ታዝዤ ጀምሬዋለሁ፤ እጄ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ልመልሰው?

ስፌተኛዋ

እህቴ፣

መሶቡን አትመልሺው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ ቀሪውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ነው።

ሦስት ሰዎች መክረውሻል፤ ሦስቱም ተሳስተዋል። ከሁሉ የባሰ የተሳሳተችው ግን «ካሽ ነው» ያለችሽ አይደለችም፤ «ስጦታ ነው በይ» ያለችሽ ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አምስት ዓመት ሙሉ ለመጠየቅ የፈራሽውን እንመልሰው። «ዲሴቢሊቲ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ገንዘብ ሁለት ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከመንግሥቱ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ቢሆንም ጠባያቸው ለየቅል ነው። በሦስተኛው ቀን የሚገባልሽ 640 ዶላር ኤስኤስዲአይ ይባላል። እሱ ኢንሹራንስ ነው፤ አልጋ ስታነጥፊና መታጠቢያ ቤት ስትፈትጊ ከደመወዝሽ እየተቆረጠ የገባው መዋጮ ያስገኘልሽ መብት ነው። ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለሽ፣ ማን ምን እንደሰጠሽ ግድ የለውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሠርተሽ ለመኖር የሚያስችል አቅም አግኝተሻል ወይስ አላገኘሽም? በወሩ መጀመሪያ የሚገባው 374 ዶላር ደግሞ ኤስኤስአይ ነው። ይህኛው ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ ስለሆነ ኪስሽንም ጓዳሽንም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ፍራሽሽንም ጭምር ያያል።

374 ከየት እንደመጣ ላሳይሽ። በ2026 ለአንድ ሰው የሚከፈለው ከፍተኛው የፌዴራል ኤስኤስአይ 994 ዶላር ነው። ከ640ው ላይ 20 ዶላር ሳይቆጥሩ ይተዉልሻል፤ 620 ይቀራል። ከ994 ላይ 620 ሲቀነስ 374። ሁለት ጊዜ የሚገባልሽ በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም ተሳስቶ አልላከልሽም፣ ማንም ነቅቶ አይወስድብሽም።

አሁን ወደ ስፌቱ። ሠርተሽ ካገኘሽው ላይ ኤስኤስአይ በወር የመጀመሪያውን 65 ዶላር አይነካም። ከዚያ በላይ ካለው የሚቆጥረው ግማሹን ብቻ ነው። ያለፈውን ዓመት ሒሳብሽን እንደ ምሳሌ እንውሰደው። 2,600 ሸጠሻል፣ 860 ለዕቃ አውጥተሻል፤ ትርፍሽ 1,740 ነው። የግል ሥራ ትርፍ የዓመቱ ተደምሮ ለ12 ወር እኩል ይካፈላል፤ ስለዚህ በጥር የሠርግ ወቅት 600 ዶላር ማግኘትሽ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ባዶ እጅሽን መቀመጥሽ ለውጥ አያመጣም። 1,740 ለ12 ሲካፈል በወር 145። ከዚያ 65 ሲነሳ 80፤ የዚያ ግማሽ 40። ለግል ሠራተኛ የምትደረግ ትንሽ ቅናሽ ስላለች እሱም ወደ 35 ይወርዳል። አከራይሽ «ሁሉንም ይቆርጡብሻል» ያለችሽ እንግዲህ ይህ ነው፦ በወር 35 ዶላር። 374 የነበረው 339 አካባቢ ይሆናል፤ አንቺ ግን 145 ዶላር በእጅሽ ይዘሻል። የመንግሥት የሕክምና ሽፋንሽ ሜዲኬይድም በዚህ ምክንያት አይነካም።

(ይህች 65 ዶላር ኤስኤስአይ መከፈል ከጀመረበት ከጃንዋሪ 1974 ወዲህ ፈቀቅ ብላ አታውቅም። ያኔ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ሄደ፣ ስንት መጣ፤ 65 ግን 65 ናት። እኔን ያበሽቀኛል፤ አንቺ ግን ለጊዜው ቁጥሯን ብቻ ያዢ።)

«ስጦታ ነው በይ» ወዳለችሽ ጓደኛሽ እንመለስ። እሷ የምታስበው እንደ አገር ቤት ነው፦ ንግድ ግብር አለበት፣ ስጦታ ግን የወዳጅ ነው፣ ማን ይጠይቃል? በኤስኤስአይ ዓይን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በገንዘብ የተሰጠ ስጦታ የሥራ ገቢ ስላልሆነ 65 ዶላሯ አትነሳለትም፤ ግማሹም አይተውለትም። 20 ዶላሯንም 640ው ቀድሞ ወስዷታል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ብቅ ከምትል ጥቃቅን ገንዘብ በስተቀር ስጦታ ያልሽው እያንዳንዱ ዶላር ከድጎማሽ ላይ አንድ ሙሉ ዶላር ያነሳል። የ150 ዶላሩን መሶብ «ጎረቤቴ በደስታ የሰጠችኝ ነው» ብትዪ 150 ዶላር ልትቆረጪ ትችያለሽ። ሸጬ ያገኘሁት ነው ብትዪ መጀመሪያ የራፊያው ዋጋ ይነሳል፣ ከዚያ ለ12 ወር ይበተናል፣ ከዚያም ግማሹ ይተውልሻል። ዋሽተሽ ደግሞ ትከስሪያለሽ።

ጎረቤት በሰሃን የምታመጣልሽ እንጀራና ወጥ ግን ሌላ ነው። ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 ጀምሮ ሰው የሰጠሽ ምግብ አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ነጻ ምግብ እንኳ ከድጎማው ላይ ሊያስቀንስ ይችል ነበር፤ ይህን ለእናቶቻችን ሳስረዳ ምን ያህል እንደሚስቁብኝ አልነግርሽም።

ስለ «ካሽ ነው» አጭር ነገር ልበልሽ። አስተርጓሚ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አብሬያቸው የገባሁ አንድ አባት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሱቅ እየጠበቁ በወር 200 ዶላር በእጃቸው ይቀበሉ ነበር፤ ሦስት ዓመት። ባለሱቁ በመጨረሻ የከፈለውን ሁሉ ለግብር መሥሪያ ቤት አስታወቀ። ሰውየው በጊዜው ተናግረው ቢሆን ኖሮ በወር የሚቀነስባቸው 60 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። የሦስት ዓመቱ ተጠራቅሞ ከ2,000 ዶላር በላይ ዕዳ ሆነ። ያስለቀሳቸው ግን ዕዳው አልነበረም። በየዓመቱ በሚላከው ቅጽ ላይ «አልሠራሁም» ብለው ፈርመው ነበር፤ ክፍያቸው ለስድስት ወር የታገደው ለዚያ ፊርማ ነው። አንቺ እስካሁን እንደዚያ ያለ ቅጽ ላይ ምን እንደሞላሽ አልነገርሽኝም። ያልሆነ ነገር ፈርመሽ ከሆነ ብቻሽን አትደውዪ፤ በነጻ የሚሠራ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ዘንድ ቀድመሽ ሂጂ።

ያልፈረምሽ ከሆነ ደግሞ እነሱ ደብዳቤ ሳይልኩ ራስሽ ተናገሪ። ያለፈው ዓመት ሲታሰብ በትርፍ የተከፈለሽ ወደ 420 ዶላር ነው። በመዘግየትሽ ትንሽ መቀጫ ሊጨምሩበት ይችላሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 25 ዶላር ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ክፈዪ አይሉሽም፤ ከኤስኤስአይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በወር 10 በመቶ ነው የሚይዙት። መክፈል የማይቻልሽ ከሆነና ጥፋቱ ያንቺ ካልሆነ ዕዳው እንዲነሳ የሚጠየቅበት ኤስኤስኤ-632 የሚባል ቅጽ አለ። ሳታስታውቂ ስለቀረሽ ግን ጥፋቱ ያንቺ ነው ሊሉ ይችላሉና በእሱ ብዙ ተስፋ አታድርጊ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ 374ቱ ነው። ስለ 640ው ደግሞ አንቺም አማካሪዎችሽም ያላሰባችሁት ነገር አለ፤ እሱም ገንዘብ አይደለም፣ ሰዓት ነው። ኤስኤስዲአይ በ2026 «ጉልህ ሥራ» የሚለው በወር ከ1,690 ዶላር በላይ የሚያስገኘውን ነው። ያንቺ 145 ከዚያ በጣም ይርቃል። ነገር ግን የሙከራ ጊዜ የሚሉት አላቸው፦ በተከታታይ 60 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ወር እስኪሞላ ድረስ የፈለግሽውን ያህል ብታገኚም ክፍያሽ አይነካም። በግል ለሚሠራ ሰው አንድ ወር ከዘጠኙ እንደ አንዱ የሚቆጠረው ትርፉ ከ1,210 ዶላር ሲበልጥ፣ ወይም በወሩ ውስጥ ከ80 ሰዓት በላይ ሲሠራ ነው። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ በይ። ስፌት ሰዓት ትበላለች። እንቅልፍ አጥተሽ በየሌሊቱ ሦስት ሰዓት ወስፌ ከያዝሽ በወር 90 ሰዓት ነው፤ አንድ ዶላር ሳታገኚም የሙከራ ወር ተቃጠለብሽ። ዘጠኙ ወር ካለቀ በኋላ ደግሞ በግል የሚሠራ ሰው የሚመዘነው እጁ በገባው ገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለሥራው የሚያውለው ጊዜና ጉልበትም ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዢ። ለሽያጭ የሰፋሽበትን ሰዓት ጻፊ፤ ለራስሽና ለጊዜ ማሳለፊያ የሰፋሽውን ለይተሽ ጻፊ። ሃያ ደቂቃ ተቀምጠሽ ወገብሽን ለማሳረፍ ግማሽ ሰዓት ከተኛሽ ሃያ ደቂቃ ብለሽ ጻፊ፤ መተኛትሽንም ጻፊው። ይህ ደብተር የጤናሽ ሁኔታ በሚገመገምበት ጊዜም ይጠቅምሻል። ኤስኤስዲአይ ከ24 ወር በላይ ስለተከፈለሽ ሠርተሻል ተብሎ ብቻ የሕክምና ግምገማ አይጀመርብሽም፤ በየጊዜው የሚመጣው ግን መምጣቱ አይቀርም። ያኔ «ስፌት ትሰፊያለሽ አሉ» ሲሉሽ «አዎ፣ እንዲህ እየተኛሁ» ብለሽ ገጹን ታሳዪያቸዋለሽ።

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ፤ ዕቁቡ። ኤስኤስአይ ላለው ላላገባ ሰው የሀብት ጣሪያው 2,000 ዶላር ነው፤ ከ1989 ወዲህ ያልተነካ ሌላ ቁጥር። የሚታየውም በየወሩ መባቻ ላይ በእጅሽ ያለው ነው። 1,400 ፍራሽ ሥር፣ 3,000 ከዕቁብ፤ ወሩ ሲጠባ ሁለቱም እጅሽ ላይ ካሉ የዚያን ወር ኤስኤስአይ ሙሉውን ታጫለሽ። መሶብ ሽያጩ 35 ዶላር ቢያስቆርጥሽ ዕቁቡ 374 ያሳጣሻል ማለት ነው፤ አማካሪዎችሽ ግን ስለ መሶቡ ሲያስፈራሩሽ ከረሙ። ያለቁና ያልተሸጡ መሶቦችሽ፣ ራፊያሽና ክርሽ የሥራ ዕቃ ስለሆኑ በዚህ ጣሪያ ውስጥ አይገቡም።

ገንዘቡን ለእህትሽ አስይዢ የሚልሽ ሰው መምጣቱ አይቀርም። እንዳታደርጊው። ሀብትን ያለ ዋጋ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ኤስኤስአይን እስከ 36 ወር ድረስ ሊያስከለክል ይችላል። ለሚያስፈልግሽ ነገር ማውጣት ግን ይፈቀዳል፤ ጥሩ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ የጥርስ ሕክምና። ወሩ ሳያልቅ ግዢና ደረሰኙን ያዢ።

ከዚያ የተሻለ መንገድም አለሽ፤ የተከፈተልሽ ገና በዚህ ዓመት ነው። ኤብል የሚባል ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ የቁጠባ ሒሳብ አለ። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ይህን ሒሳብ መክፈት የሚችለው ጉዳቱ 26 ዓመት ሳይሞላው የደረሰበት ሰው ብቻ ነበር። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ዕድሜው ወደ 46 ከፍ ብሏል። አንቺ የተጎዳሽው በ43 ዓመትሽ ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያለ ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ኤስኤስአይ አይቆጥረውም። ሜሪላንድ የራሷ ፕሮግራም አላት፤ በኢንተርኔት ይከፈታል። ዕቁቡ ከመድረሱ በፊት ክፈቺውና በደረሰሽ ወር ውስጥ አስገቢው። የዕቁቡን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ደግሞ ወረቀት ጠይቂ፤ በየሳምንቱ ስንት እንደጣልሽ፣ ስንት እንደሚቀርሽ የሚገልጽ ወረቀት። የሶሻል ሴኩሪቲ ሠራተኛ ዕቁብን ላያውቅ ይችላል፤ 3,000 ዶላር ሲገባ ሲያይ ገቢ ሊመስለው ይችላል። ከራስሽ የጣልሽው ተመልሶ እንደመጣ፣ ቀሪው ደግሞ ገና የምትከፍዪው ዕዳ እንደሆነ የሚያስረዳልሽ ያ ወረቀት ነው።

ግብሩን በአጭሩ። የግል ሥራ ትርፍ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ማስታወቅ ግዴታ ነው። በ1,740 ዶላር ትርፍ የምትከፍዪው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ወደ 246 ዶላር ይመጣል። ያማል፣ አውቃለሁ። «ሥራ ሳይሆን ጊዜ ማሳለፊያዬ ነው» ብለሽ ለማለፍ እንዳትሞክሪ፤ ትእዛዝ ተቀብለሽ በዋጋ የምትሸጪ ሰው ነሽ፤ ከዚያም በላይ በፌዴራሉ ግብር ከ2018 ጀምሮ ለጊዜ ማሳለፊያ የወጣ ወጪ አይቀነስም፣ 860 ዶላርሽን በከንቱ ታጫለሽ። ቪታ የሚባለው ፕሮግራም የግብር ቅጹን በነጻ ይሞላልሻል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚመለስ ገንዘብም ስላለ እሱንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ድጎማ) ወይም የቤት ኪራይ ድጎማ ካለሽ ለእነዚያም ቢሮዎች ገቢሽን አስታውቂ፤ ሒሳባቸው ከዚህ ይለያል።

ለሶሻል ሴኩሪቲ የምትደውዪበት 1-800-772-1213 ነው። አስተርጓሚ በነጻ ያቀርቡልሻል፤ «አምሃሪክ» በያቸውና ጠብቂ። የሰፈር ልጅ ይዘሽ አትሂጂ፤ ልጅ አፍሮ የሚዘለው ነገር ይኖራል። የኤስኤስአይ ለውጥ የሚነገረው ለውጡ ከተፈጠረበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ነው። ሥራሽን ስታስታውቂ ደረሰኝ ሊሰጡሽ ይገባል፤ ደረሰኙን ሳትይዢ አትውጪ። ከመደወልሽ በፊት ግን 1-866-968-7842 ደውለሽ የሥራና የጥቅማ ጥቅም አማካሪ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ። ምክሩ በነጻ ነው፤ አማካሪው ቢፒኪውዋይ የሚባለውን ወረቀት ያስወጣልሻል። በእሱ ላይ ምን ምን እንደሚከፈልሽ፣ ከሙከራ ወሮችሽም ስንቱ እንዳለቀ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

የቀረኝ አንድ ነገር ዋጋሽ ነው። ደብተሩን ስትጀምሪ ራስሽ ታዪዋለሽ፦ ትንሿ መሶብ 40 ሰዓት ከፈጀች፣ ከ150 ዶላሩ ራፊያው ሲነሳ በሰዓት ሦስት ዶላር እንኳ አይደርስሽም። ለሠርጉ የተስማማሽበትን ዋጋ አክብሪ። ከዚያ በኋላ ለሚያዝዝሽ ሰው ግን እጥፍ ጠይቂ፤ ትእዛዙ ቢቀንስ ሰዓትሽም ይቀንሳል፣ 80ዋን ሰዓትም አታልፊያትም።

የእኔ ጀበና ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣጠፈ ፎጣ ላይ ነው የምትቀመጠው። ቀይና አረንጓዴ ያለበት ማቶት በዝግጅት ክፍሉ በኩል ላኪልኝ፤ 25 ሳይሆን 50 ዶላር እከፍላለሁ። ደረሰኝ ግን እፈልጋለሁ።